ከጥቁሩ አለት ስንት ማይል?

«ሰባ ዲግሪ፣ ሃምሳ ስድስት ደቂቃ ሰሜን…» አለ ሬዲዮው። ተንጫረረ፣ ጠፋ፣ እንደገና መጣ። «…ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ፣ ዜሮ ዜሮ ደቂቃ ምሥራቅ። ሰማሽኝ ሬይዱን? ባትሪው እያለቀ ነው። ተቀበል!»

«ሰምቻለሁ! ጽፌዋለሁ! ስታይናር፣ ደህና ነህ? ተቀበል!»

መልስ የለም። ሬይዱን የሬዲዮውን እጀታ ጭብጥ አድርጋ እንደያዘች ቀረች። ወንድሟ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጀልባቸውን ‹ማሪት›ን ብቻውን ይዞ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያ የጸደይ ወራቱ ነበር። ጸደይ መባሉ ደግሞ ለስሙ ነው፤ የዓሣ አጥማጆች መንደራቸው ሸልቪክ ላይ በሚያዝያም በረዶ እንደ ጉድ ይወርዳል። ጠዋት ሲወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ግን ሞተሩ ቀጥ አለ፤ አንድ ማዕበል መስኮቱን ሰብሮ ካርታውን ጠራርጎ ወሰደበት፤ ውሽንፍሩ ዓይኑን ጋረደው። መልህቅ እንዳይጥል ባሕሩ ጥልቅ ነው፤ ገመዱ አይደርስም። የቀረው ያለበትን ቦታ በቁጥር የምትነግረው ትንሿ ሣጥን ብቻ ናት፤ እሷም የምትሠራው በዚያው በሚሞተው ባትሪ ነው።

«ነፋሱ ከየት ነው አለሽ?» አለ አያቷ ኢንግቫል፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ።

«ከሰሜን ምዕራብ ነው አባባ።»

ሽማግሌው አገጩን አሻሸ። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ከጋረዳቸው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ድሮም ቢሆን በካርታ ሄዶ አያውቅም። ይህን ተራራ ከዚያ ተራራ ጋር አሰልፎ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በዚያኛው ገደል ጫፍ ለክቶ፣ ዓሣው ያለበትን ጉድጓድ እንደ ጓዳው የሚያውቅ ሰው ነበር። «ከሰሜን ምዕራብ ከሆነ ቀጥ አድርጎ የሚወስደው ወደ ጥቁሩ አለት ነው» አለ። «ሞተር የሌለው ጀልባ በዚህ ነፋስ በሰዓት ሁለት ማይል ይነዳል። ከአለቱ ስንት ማይል እንደሚርቅ ንገሪኝና ስንት ሰዓት እንዳለው እነግርሻለሁ።»

የነፍስ አድን መርከቡ ሰዎች በስልክ ሲያናግሯቸው ለመድረስ ገና አራት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው ነግረዋቸዋል። ሄሊኮፕተሩ በውሽንፍሩ መነሳት አልቻለም። እናታቸው ከተማ ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ መንገዱ ተዘግቷል። አባታቸው ደቡብ ሄዶ ሌላ ትዳር ከያዘ ቆይቷል። ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር የለም፤ አንድ የቤት ስልክ፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ፣ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ። በቃ።

ጥቁሩ አለት እነሱ ቤት ባለው ካርታ ላይ የለም። ካርታው ከአለቱ ትንሽ ምዕራብ ላይ ያልቅና ቀጣዩ ሉህ ይጀምራል፤ እሱን ደግሞ ስታይናር ይዞት ወጥቶ ማዕበሉ ወስዶታል። ሬይዱን የባሕር ምልክቶች የተመዘገቡበትን መጽሐፍ ገልጣ አገኘችው፤ ጥቁሩ አለት፣ ሰባ ዲግሪ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ሰሜን፣ ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ አሥራ አምስት ደቂቃ ምሥራቅ።

ሁለት ነጥብ፣ አራት ቁጥር። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በእርሳስ ማስላት ነው እንግዲህ። ይህንኑ በትምህርት ቤት፣ በባሕር ጉዞ ክፍለ ጊዜ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ተፈትናለች። ከመቶ መቶ ነው ያገኘችው። አያቷ ወረቀቱን ማየት ባይችልም በደረት ኪሱ አጥፎ ይዞ መንደሩን ሲያዞረው ሰንብቷል። «የኔ ልጅ ከመቶ መቶ!» እያለ፣ ወደብ ላይ ያላስነበበው ሰው የለም።

የገለበጠችው ከክፍል ጓደኛዋ ከቶርዲስ እንደሆነ ግን አንድም ሰው አያውቅም፣ ከቶርዲስ በስተቀር።

«ሦስት ደቂቃ ወደ ደቡብ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ወደ ምሥራቅ» አለች ለራሷ። የካርታ ደቂቃ የሰዓት ደቂቃ አይደለም፤ አንድ ዲግሪ ስድሳ ቦታ ሲከፈል አንዷ ክፋይ ናት። አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ነው፤ ይህን እንኳ ታስታውሳለች። ሦስት ሲባዛ በሦስት ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት ሲባዛ በአሥራ አምስት ሁለት መቶ ሃያ አምስት። ደመረች፤ ካሬ ሥሩን ፈለገች። «አሥራ አምስት ማይል አባባ! ትንሽ ይበልጣል።»

«አሥራ አምስት» አለ አያቷ፤ ትከሻው ላላ። «እሰየው! ሩቁ ጉድጓድ እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር፤ ልክ ነው። ከሰባት ሰዓት በላይ አለው ማለት ነው። መርከቡ በአራት ሰዓት ውስጥ ይደርስለታል።»

ስልኩ ጮኸ። የቶርዲስ አባት አርንት ነው፤ ከወደቡ መጋዘን። ሬዲዮውን ሰምቷል። ድምፁ እንደ ወትሮው ጎርናና ነው። «ሬይዱን፣ እኔና ወንድሜ የባሕር ልብሳችንን ለብሰን ቆመናል። ግን የወደቡን አፍ ብታዪው፣ ማዕበሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈርሰው። የግድ ካልሆነ ሁለት ቤት ማፍረስ አልፈልግም። ስንት ሰዓት አለው ልጁ?»

«ሰባት ሰዓት ጋሼ አርንት። ከአለቱ አሥራ አምስት ማይል ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አስልቼዋለሁ።»

«ጎበዝ። የመቶዋ ልጅ ካለች አለች ነው።» ሳቅ ሊል ሞከረ። «እንግዲያውስ መርከቡን እንጠብቃለን።»

ጠበቁ። ሬይዱን በመስኮቱ ታያለች፤ የሚታይ ነገር የለም፣ ነጭ ብቻ። አያቷ ‹ማሪት›ን በሚስቱ ስም ሲሰይማት፣ ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዴት እንደተቆጣች ያወራል። «‹ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ ልትለኝ ነው?› አለችኝ እኮ» ይላል። ሬይዱን አትሰማውም። ሰዓቱን ነው የምታየው።

አርባ አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሬዲዮው እንደገና ተንጫረረ። የስታይናር ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ሰባ ዲግሪ ሃምሳ አምስት… ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ፣ ዜሮ አራት። ሬይዱን፣ በጣም በርዶኛል። ውሃውን በባልዲ እየቀዳሁ ነው። አርንት እየመጣ ነው? ተቀበል።»

«የነፍስ አድን መርከቡ እየመጣ ነው! ጊዜ አለህ ስታይናር፣ ብዙ ጊዜ አለህ! ተቀበል!»

«እሺ» አለ። «እሺ። ባትሪው…» ከዚያ ምንም የለም። ሬይዱን እጀታውን ደጋግማ ጫነች። ጠራችው፣ ጠራችው። ዝም።

«ምን አለ? ስንት ሄደ?» አያቷ ወደፊት ጠጋ አለ።

«አንድ ደቂቃ ወደ ደቡብ፣ አራት ወደ ምሥራቅ። አራት ማይል ሄዷል።»

ሽማግሌው ድርቅ አለ። «በአርባ አምስት ደቂቃ አራት ማይል? የማይሆን ነገር! በሰዓት ከአምስት ማይል በላይ እኮ ነው። ‹ማሪት› ሞተሯ ሲሠራ ነው እንደዚያ የምትሄደው። ሞታ አምስት ማይል የምትነዳ ጀልባ አባቴም አያቴም አላዩም!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ያቺ ሣጥን ናት የምትዋሽ። ጥንትም አላመንኳትም።»

ሬይዱን ወረቀቱን አየች። ሣጥኗ አትዋሽም። የሚዋሽ ካለ ሌላ ነው። በቶርዲስ የፈተና ወረቀት ላይ ከማባዛቱ በፊት አንድ መስመር ነበር፤ ‹ዜሮ ነጥብ ሦስት› ምናምን የሚል ቁጥር። እሷ ገልብጣዋለች እንጂ ለምን እንደተጻፈ አታውቅም። አስተማሪው ሲያስረዳ ደግሞ ከኋላ ወንበር ቶርዲስ ጋር እየተሳሳቁ ነበር።

ስልኩን አነሳች፣ ጣቷ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሳተ። ቶርዲስ ብቻዋን ቤት ነበረች።

«ቶርዲስ፣ ስሚኝ፣ ቶሎ። ምሥራቅና ምዕራቡን በምንድን ነው የምናባዛው? ፈተናው ላይ የሆነ ቁጥር ነበረ። አሥራ አምስት ደቂቃ ወደ ምሥራቅ አሥራ አምስት ማይል ነው ብዬ ለአባትሽ ነግሬዋለሁ። ልክ ነኝ?»

ቶርዲስ ዝም አለች። ከሒሳብ ጋር ተያይዞ ቶርዲስ ዝም ብላ አታውቅም። አባቷ እንደዚያች ያለች የቁጥር ሣጥን አምና ከገዛ ወዲህ፣ ቁጥሩን እያሰላች የምትነግረው እሷ ናት፤ እሱም እንደ ኢንግቫል በተራራ የሚመራ ሰው ነው።

«ቶርዲስ?»

«ቢያንስ… ማለቴ፣ አሥራ አምስት ባይሆን ምን ይሆናል?»

«አባትሽ ይወጣላ! አሁኑኑ!»

ነፋሱ በስልኩ ሽቦ ውስጥ ያፏጫል። «ልክ ነሽ» አለች ቶርዲስ፣ ፈጠን ብላ። «አሥራ አምስት ነው። ያ ቁጥር ለሌላ ጥያቄ ነው። ሣጥኗ በበረዶ ጊዜ ትሳሳታለች፣ አባቴም ይላል። አታካብጂ ሬይዱን። መርከቡ ይደርሳል።»

«እርግጠኛ ነሽ? በእናትሽ?»

«አልኩሽ እኮ!» ስልኩ ተዘጋ።

ሬይዱን ቆማ ቀረች። መቀመጥ አማራት። የክፍሉ አንደኛ ነግራታለች፣ ምን ቀራት? ‹ልክ ነሽ› የተባለ ሰው ማረፍ አይችልም? ስታይናር ጊዜ አለው፣ ማንም ወደዚያ ማዕበል አይገባም፣ እሷም አልተሳሳተችም። ሁሉም ነገር ጥሩ ነው። እንዲህ ሁሉም ነገር ጥሩ መሆኑ ነው ያስፈራት። ቶርዲስ በእናቷ አልማለችም።

ካርታውን ጎትታ ዘረጋችው። ጥቁሩ አለት ባይኖርበትም ጠርዙ ላይ መስፈሪያዎቹ አሉ፤ ከግርጌው የምሥራቅ ደቂቃዎች፣ ከጎኑ የሰሜን ደቂቃዎች። አንዲት የወረቀት ቁራጭ ቀደደች። ግርጌው ላይ አስደግፋ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆጠረችና በእርሳስ ምልክት አደረገች። ከዚያ ቁራጩን አዙራ ከጎኑ መስፈሪያ ላይ አስቀመጠችው።

አምስት። አምስት እንኳ አልሞላም።

ደግማ ለካች። ያው ነው። ‹የቁም መስመሮቹ ዋልታው ላይ ይገናኛሉ› ብሎ ነበር አስተማሪው፤ አሁን ድምፁ ጆሮዋ ላይ መጣ። ‹ወደ ሰሜን በወጣን ቁጥር መስመሮቹ ይቀራረባሉ። ምድር ወገብ ላይ ብትኖሩ ሁለቱም እኩል ነው፣ ስንፍናችሁ ምንም አይጎዳችሁም። እኛ ግን የምንኖረው ጣሪያው ላይ ነው!› ክፍሉ ስቆ ነበር። እሷም ስቃለች።

የሒሳብ መጽሐፏን ከቦርሳዋ አውጥታ ከኋላ ያለውን ሠንጠረዥ ገለጠች። የሰባ አንድ ዲግሪ ኮሳይን፣ ዜሮ ነጥብ ሦስት ሦስት። ይሄው ነው ያ ቁጥር! እርሳሷ ተሰበረ፤ በጥርሷ ቀርፋ ቀጠለች። ስታይናር አሁን ካለበት አለቱ ድረስ ወደ ምሥራቅ አሥራ አንድ ደቂቃ፤ አሥራ አንድ ሲባዛ በዜሮ ነጥብ ሦስት ሦስት፣ ሦስት ነጥብ ስድስት ማይል። ወደ ደቡብ ሁለት። አባዛች፣ ደመረች፣ ሥሩን አወጣች።

አራት ማይል። ከአራት ማይል እምብዛም አይበልጥም። በሰዓት ሁለት ማይል፣ ሁለት ሰዓት ብቻ! መርከቡ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይቀረዋል።

«አባባ» አለች፤ ድምፁ የእሷ አልመስል አላት። «ሣጥኗ አልተሳሳተችም። እኔ ነኝ።»

የሽማግሌውን ፊት ለማየት ጊዜ አልነበራትም፤ የመጋዘኑን ቁጥር እየመታች ነበር።

«ጋሼ አርንት፣ ሬይዱን ነኝ። ተሳስቻለሁ። አሥራ አምስት አይደለም፣ አራት ነው። ሁለት ሰዓት ነው ያለው። መርከቡ አይደርስለትም።»

በስልኩ ውስጥ የአርንት ትንፋሽ ተሰማ። «እንዴት ሆኖ ነው ከአሥራ አምስት ወደ አራት የሚወርደው? ቀልድ ነው እንዴ ይሄ?»

«ምሥራቅና ምዕራቡን አላሳጠርኩትም። ማሳጠር እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።»

«ከመቶ መቶ አገኘሽ አይደል እንዴ?»

ከኋላዋ አያቷ ይሰማል። ወረቀቱ በደረት ኪሱ ነው። «ገልብጬ ነው» አለች። «ከቶርዲስ ነው የገለበጥኩት። ምንም አላውቅም ነበር። ይሄኛውን ግን ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ በካርታውም ለክቼዋለሁ፣ በሠንጠረዡም አስልቼዋለሁ።»

«ቶርዲስ አይታዋለች?»

ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። ‹ቶርዲስ አሥራ አምስት ነው ብላለች› ብትል አርንት ልጁን ነው የሚያምነው፤ ማንም አባት ቢሆን ያምናል። በማያምናት ልጅ ቃል ወደዚያ አፍ የሚገባ ሰው የለም። «እኔን እመነኝ ጋሼ። በእናቴ ይዤሃለሁ፣ እመነኝ። ወንድሜ ይሞታል።»

ከዚያ አርንት ወደ ወንድሙ ዞሮ «ሞተሩን አስነሳው!» ሲል ሰማች፤ ወደ እሷም «ቁጥሮቹን ስጪኝ፣ ሣጥኑ ላይ እያየሁ ወደዚያ እነዳለሁ» አለ።

ሰጠችው። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የአርንት ጀልባ የወደቡን አፍ አልፎ ጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ የቤቱ በር በኃይል ተበረገደ። ቶርዲስ ናት። ካፖርት እንኳ አልደረበችም፣ ፀጉሯ በበረዶ ተሸፍኗል። «ላክሽው አይደል?» አለች። «አባቴን ላክሽው!»

«አራት ማይል ነው ቶርዲስ። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ!» ጮኸች። «አውቃለሁ! ከኛ ቤት መስኮት የወደቡ አፍ ይታያል። ሬይዱን፣ ውሃው ከመብራቱ በላይ ነው የሚዘለው። ምን ልበልሽ? ‹ሂድና ሙት› ልበለው?» ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

ሬይዱን ልትሰድባት አፏን ከፈተች። ስድቡ ሞልቷል። አልወጣም። እሷ በቶርዲስ ቦታ ብትሆንስ? አላወቀችውም፤ አለማወቋም አናደዳት። የስታይናርን ሹራብ ከመስቀያው አውርዳ ወረወረችላት።

«ልጆች» አለ ኢንግቫል ቀስ ብሎ። «ስለ መጣላቱ በኋላ። ዝም በሉና ሬዲዮውን ስሙ።»

ከስድስት ሰዓት ተኩል ትንሽ ቀደም ብሎ የአርንት ድምፅ መጣ። ከጀርባው የሞተርና የውሃ ጩኸት ይሰማል። «ሬይዱን፣ ቁጥሮቹ ጋ ደርሼ አልፌ እየነዳሁ ነው። ምንም አላይም፣ ሁሉም ነጭ ነው። ሁለቱም እጄ መሪው ላይ ነው። ያለሁት ሰባ ዲግሪ ሃምሳ አራት፣ ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ አሥራ አንድ። ከአለቱ ስንት ነው? ልጁስ አሁን የት ይሆናል? ተቀበል!»

ሬይዱን እርሳሱን አነሳች። አንድ ደቂቃ ወደ ደቡብ፣ አራት ወደ ምሥራቅ። ቶርዲስ ከወለሉ ተነሥታ መጣች። ሌላ ወረቀት ሳበች፣ ሌላ እርሳስ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ለየብቻ ሠሩ፤ አንዳቸው የአንዳቸውን ወረቀት አላዩም።

«አንድ ነጥብ ስድስት» አለች ሬይዱን።

«አንድ ነጥብ ስድስት» አለች ቶርዲስ። «ስታይናር ደግሞ ከመጨረሻው ቁጥር ወዲህ ሦስት ማይል ተኩል ተነድቷል። የቀረው…» አልጨረሰችውም፤ አፏን በእጇ ያዘች። እስከ አለቱ የቀረው ከግማሽ ማይል እምብዛም አይበልጥም። አባቷ እሱን ለማግኘት አንድ ማይል ሙሉ ወደ አለቱ መጠጋት አለበት።

«ስንት ነው? ካልሆነ ልመለስ ነው፣ እዚህ መቆም አልችልም! ተቀበል!»

ሬይዱን ወደ እጀታው እጇን ስትሰድ ቶርዲስ ቀደመቻት። ጉንጮቿ ላይ እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን የሒሳብ ክፍሉ ድምፅ ነበር፣ ጥርት ያለ። «አባዬ፣ ቶርዲስ ነኝ። ከአለቱ አንድ ነጥብ ስድስት ማይል ነህ። ስታይናር ከፊትህ ነው፣ አንድ ማይል። ወደ ውስጥ ግባ። ነፋሱን ጀርባህ ላይ አድርገህ አንድ ማይል ግባ። ከዚያ አትለፍ አባዬ፤ አንድ ማይል ብቻ። ተቀበል።»

«አንቺ ነሽ?» አለ። ትንሽ ቆየና «ገባኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ደቂቃ እንዴት እንዳለፈ ሬይዱን ዛሬም አታውቅም። ኢንግቫል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር፤ ይጸልይ ይሁን ይቁጠር አልታወቀም። ቶርዲስ የሬይዱንን እጅ ይዛ ጨምቃ ጨምቃ አሳመመቻት። በመጨረሻ ሬዲዮው ውስጥ ጩኸት ተሰማ፣ የሁለት ወንዶች ጩኸት፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ አርንት መጣ፤ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ያዝነው። ልጁን ይዘነዋል። ክንዱ ተሰብሯል እንጂ በሕይወት አለ። እየወጣን ነው።»

ሦስቱ ወንዶች በአርንት ጀልባ ወደብ ሲደርሱ ውሽንፍሩ ረግቦ ነበር። ስታይናርን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወረዱት፤ ፊቱ እንደ ሰም ነጥቷል። እህቱን ሲያይ ሊስቅ ሞክሮ ማልቀስ ጀመረ። ወደ መንደሩ ሐኪም መኪና ወሰዱት።

አርንት ጓንቱን አውልቆ ፊቱን ጠረገ። ከደስታ ይልቅ ድካም ነው የሚታይበት። «ስንይዘው አለቱ እዚህ ጋ ነበር» አለ፣ የመጋዘኑን ግድግዳ እያሳየ። «አንድ ሰዓት ቀድመን ብንወጣ ኖሮ ገመድ አስረን ጀልባዋንም እናመጣት ነበር።» ከዚያ ወደ ሬይዱን ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ የገባው ሰው ነበር። «መጀመሪያ ስታሰዪው ለምን ለቶርዲስ አልደወልሽላትም? እሷ እኮ በአንድ ደቂቃ ትነግርሽ ነበር።»

ቶርዲስ ከጎኗ ቆማለች። የስታይናር ሹራብ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። አልተነፈሰችም።

ሬይዱን የጫማዋን ጫፍ አየች። «መጀመሪያ ሳሰላው ለማንም አልደወልኩም» አለች። «ያወቅኩ መስሎኝ ነበር።»

እውነት ነው። መጀመሪያ ለማንም አልደወለችም። አርንት ራሱን ነቀነቀና ወደ ወንድሙ ሄደ።

«‹ማሪት›ስ?» አለ ኢንግቫል። ከሁሉም ኋላ፣ ምርኩዙን ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ቆሟል። ገመድ የሚጠቀልሉት ሰዎች ሰምተው ዝም አሉ። ራስ መነቅነቅ ለእሱ አይበቃም፤ አንድ ሰው በአፉ ሊነግረው ግድ ነው።

ሬይዱን ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። «‹ማሪት› የለችም አባባ። አለቱ ላይ ተሰበረች። አሥራ አምስት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ በአየሩ ላይ ትከሻዋን ፈለገ፣ አገኘውና ያዘው። ክብደቱን ሁሉ ጣለባት። «ወደ ቤት ውሰጂኝ» አለ።

መንገዱን ሲጀምሩ ቶርዲስ ከኋላ ተከተለቻቸው። ጥቂት እርምጃ ሄደችና ቆመች። «ሬይዱን» አለች በሹክሹክታ። «‹ልክ ነሽ› እንዳልኩሽ ለአባቴ ልንገረው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለች ሬይዱን። አያቷን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ቶርዲስ ግን ወደ ወደቡ ስትመለስ በበረዶው ላይ የእርምጃዋ ድምፅ ተሰማት።